ለዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ቡድን የትኛው ኤአይ ይሻላል? ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ኮፓይለት ወይስ ካንቫ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ የዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ክፍል የምትመሩ ከሆነ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ቢሮአችሁ ሳትገዙትም ሳይገባ አልቀረም። ዜና ጸሐፊው በስልኩ ቻትጂፒቲ ይከፍታል። ዲዛይነሯ ካንቫ ላይ ናት። የቀራችሁ ውሳኔ የቱን በቢሮው ስም እንደምትይዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሲሄዱ ከፋይ ተማሪ መሳብ የዚህ ክፍል ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ምርጫው በደንብ ቢታሰብበት ይሻላል።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር። ዩኒቨርሲቲው የጉግል የትምህርት አካውንት ካለው ከጀሚናይ ጀምሩ። የማይክሮሶፍት ከሆነ ከኮፓይለት። ቻትጂፒቲን በክፍያ ለአንድ ወይም ለሁለት ጸሐፊ ብቻ ያዙ። ካንቫ ለፖስተር ይኑር፤ አማርኛውን ግን ሰው ይጻፈው።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰው እጁን ያፍታታው በእሱ ነው። ይሄ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ስልጠና ያስቀራል። ፕላስ የሚባለው የግል ክፍያ በወር 20 ዶላር ነው። ለአምስት ሰው በዓመት 1,200 ዶላር መሆኑ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን፣ በሐምሌ በብር የያዛችሁት በጀት እስከ ሰኔ ላያደርሳችሁ ይችላል። ደግሞ ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ነው፤ የመንግሥት ፋይናንስ ክፍል ግን ፕሮፎርማና ደረሰኝ ይጠይቃል። በዚህ መሃል አንዱ ባልደረባ ውጭ ያለ ዘመዱን ያስከፍልና አካውንቱን በግል ኢሜይሉ ይከፍታል። እሱ የተዛወረ ዕለት የቢሮው ሥራ አብሮት ይሄዳል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ የተማሪው መረጃ ነው። በግል አካውንት የሚጻፍ ነገር፣ ሴቲንጉ ካልተዘጋ በቀር፣ ሞዴሉን፣ ማለትም መልስ የሚሰጠውን ኤአይ ራሱን፣ ለማሰልጠን ሊውል ይችላል። የተማሪ ስም ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥርና የማትሪክ ውጤት እዚያ ላይ ፔስት መደረግ የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ በሕግም ያስጠይቃል።

ጀሚናይን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ጉግል ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠው ወርክስፔስ (የኢሜይልና የሰነድ መሥሪያ ጥቅሉ) መነሻ ደረጃው ነጻ ነው። ጀሚናይና ኖትቡክኤልኤም (ከጫናችሁበት ሰነድ ተነሥቶ የሚመልስ የጉግል መሣሪያ) በዚያው የዩኒቨርሲቲ አካውንት ይሠራሉ። የተጻፈውም ለሞዴል ስልጠና እንደማይውል ጉግል ይገልጻል። አይሲቲ ክፍሉ እንዲያበራላችሁ መጠየቅ ብቻ ነው። በተለይ ኖትቡክኤልኤም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። የድህረ ምረቃ ፕሮግራሞቹን ዝርዝር፣ የመግቢያ መስፈርቱንና ክፍያውን ጫኑበት። ቴሌግራም ላይ ለሚጎርፈው ጥያቄ፣ ከየትኛው ሰነድ እንዳገኘው እየጠቆመ፣ የመልስ ረቂቅ ያወጣል። ጸሐፊው አይቶ ይልካል።

ስለ ኮፓይለት ብዙ አልልም። ቀኑን ሙሉ ዎርድና አውትሉክ ላይ ለሚውል ቡድን ይመቻል። ዎርድ ውስጥ የሚገባው ሙሉው ስሪት እ.ኤ.አ. በ2023 ለድርጅቶች ሲቀርብ በሰው በወር 30 ዶላር ነበር፤ ለኛ በጀት ከበድ ይላል። በተቋም አካውንት የሚከፈተው ነጻው ቻት ለጊዜው ይበቃል።

ካንቫ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ፊደሉ ነው። ኤአይ ምስል ሲሠራ «እንኳን ደስ አላችሁ» በሚለው ቦታ ፊደል መሰል ነገር ሊደረድር ይችላል። ከሩቅ ግዕዝ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ የማይነበብ ነው። ምስሉን ያለ ጽሑፍ አሠሩና ጽሑፉን በራሳችሁ ፎንት ጻፉበት። የራስን ፎንት መጫን የሚቻለው በሚከፈልበት ካንቫ ነው፤ ለአንድ ዲዛይነር ቢገዛ አይቆጭም።

የቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ፈትኑ። «ምዝገባ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:30 ይጀመራል» የሚል ማስታወቂያ ስጡትና ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ትክክሉ ኦክቶበር 13፣ 2026፣ በፈረንጅ ሰዓት 8:30 ነው። ኦክቶበር 3 ካለ ወይም 2:30ን እንዳለ ከተወው ማስታወቂያውን ያለ አራሚ ለማንም አትልቀቁ። ከዚያ አንድ ረጅም የአማርኛ ሰነድ ስጡት። የግዕዝ ፊደል በነዚህ ሞዴሎች ውስጥ ከላቲን የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፣ አማርኛው ተመሳሳይ ይዘት ካለው እንግሊዝኛ ቀድሞ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን የጽሑፍ ገደብ ይሞላል። በመጨረሻ የምረቃ ዜና አስጽፉት። ዲማና ዋሸራ ባሉበት የቅኔ አገር አማርኛ ሲንሻፈፍ አንባቢ ወዲያው ይይዘዋል፤ ኮሜንት ላይም አይምርም።

ለዚህ ነው አንጋፋውን ጋዜጠኛ ከዳር አታስቀምጡት የምለው። ወጣቶቹ ከማሽኑ ጋር ቶሎ ይግባባሉ፤ የተንሻፈፈውን ዐረፍተ ነገር የሚያቃናው ግን እሱ ነው። የመጨረሻ አራሚነቱን በደብዳቤ ስጡት። «ሥራዬን ሊወስድብኝ ነው» የሚለው ስጋት የሚቀለው ሥልጣኑ እጁ ላይ ሲቀር ነው። አንድ ገጽ መመሪያም ጻፉ፦ ምን ፔስት እንደማይደረግ፣ ማን እንደሚያጸድቅ፣ በኤአይ የተሠራ ምስል የግቢያችን ፎቶ ተብሎ እንደማይለጠፍ።

ክፍያ ካስፈለገ የዓመቱን አትግዙ። ምዝገባው የሚጧጧፍበትን ሦስት ወር፣ ለሁለት ሰው፣ በቢሮው ኢሜይል ያዙና ማን ምን ያህል እንደተጠቀመበት አይታችሁ አድሱ።