ጎንደር ላይ ጥርሴን ለጠገነልኝ ልጅ ምስጋና ይድረሰው

ይህን የምጽፈው ጎንደር ለምትኖሩ ሁሉ ነው። በተለይ ቤታችሁ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው እናት ወይም አባት ካሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ፒያሳ አካባቢ አንድ ልጅ አለ። ጥርስ ይሠራል፣ የተሰበረም ይጠግናል። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት። ገንዘባችሁንም ጤናችሁንም ሌላ ቦታ ሳታባክኑ እሱ ጋ ሂዱ።

እኔ የአዳማ ሰው ነኝ። ጎንደር የመጣሁት ልጄ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ላርሳት ነው። ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ስለሆነ «እማዬ፣ ክርስትናዋ ሳይደርስ አትሄጂም» አለችኝ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ፣ አዲስ ዓመቱም እዚሁ ገባ። በዕድሜዬ ከቤቴ ይህን ያህል ርቄ ቆይቼ አላውቅም።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ዝናብ ነበር የተቀበለኝ። ሐምሌ ላይ እንዲህ ዓይነት በረዶ ይዘንባል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከሕፃኗ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምደነግጠው። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። የመጣ ሌሊት ሰፈሩ በሙሉ ይነቃል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ እግረ መንገዱንም ወሬ ይወራል። እኔም ከጎረቤቶቻችን ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ሌሊት ቧንቧ ዙሪያ ነው። በማግሥቱ አንዷ ገንፎ አገንፍታ፣ አንዷ ቅቤ አንጥራ መጡ። «የአራስ ቤት በር አይዘጋም» አሉኝ፤ እውነትም ሳይዘጋ ከረመ። ለእነዚህም ሴቶች ምስጋናዬ ብዙ ነው። ነገር ግን ዛሬ የተነሳሁት ለጥርሱ ነው።

የላይኛው ጥርሴ በሙሉ የሚወልቅ ነው። ባለቤቴ ነው ያሠራልኝ፣ ነፍሱን ይማረውና። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከሁመራ ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ ጎንደር ያድር ነበር። «አንድ ቀን የፋሲልን ግቢ አሳይሻለሁ» ይለኝ ነበር፤ ሳያሳየኝ ሄደ። ጥርሱን ያሠራልኝ መሥራት ከማቆሙ በፊት በመጨረሻ ጭነቱ ገንዘብ ነው። ለእኔ ይህ ጥርስ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ምሽት ጥርሴን እያጠብሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። መብራት ሲመጣ አየሁት። መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፍሏል።

ክርስትናው ደርሷል። ጠላው ተጠንስሷል፣ ዘመድ ተጠርቷል። እኔ የሕፃኗ አያት ነኝ፣ እንግዳ ተቀባይዋም እኔው ነኝ። ጥርስ የሌለው ሰው ችግሩ መብላት ብቻ አይደለም። ስናገር ቃሉ ያፈተልካል፣ ሰው «ምን አሉ?» ይለኛል። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳላደርግ ከሰው ፊት መቆም አቃተኝ። ጎረቤት ቡና ሲጠራኝ «አሞኛል» እያልኩ ቀረሁ። ከአራሷ ጋር አጥሚት እየጠጣሁ ሰነበትሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ስሙን አልጠራውም። ብዙ አስቀመጡን። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ሲመጣ ጥርሱን በእጁ እንኳ አልነካውም። ከሩቅ አየውና «ይሄማ ቆሻሻ ነው፣ ይጣሉት» አለኝ። አዲስ መሠራት አለበት ብሎ ዋጋውን ሲነግረን ልጄ ዓይኗ ፈጠጠ። ገንዘቡስ ይሁን። ባለቤቴ ያሠራልኝን ነው ጣሉት ያለኝ። ይህን እሱ ሊያውቅ አይችልም። ግን የሰው ዕቃ ሳያዩ «ጣሉት» ይባላል? ደረጃውን ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ደግሞ በፈገግታ ነው የተቀበለን። «አሁኑኑ ይደርሳል» አሉን። እውነትም ወዲያው ደረሰ። ሒሳቡን በሙሉ ከፈልን። የማጣበቂያው ሽታ አፌ ውስጥ አድሮ ጠዋትም አለቀቀኝም። ዳቦ ስቆርስበት ቀጭ አለና እንደገና ተከፈለ። ድዴንም አቆሰለው። ተመልሰን ስንሄድ ፈገግታው የለም። «እርስዎ በደንብ ስላልያዙት ነው» ተባልኩ። አንድ ሳንቲም አልመለሱም፣ ይቅርታም አላሉም። ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ መንገድ ላይ አለቀሰች። አራስን የሚያስለቅስ ምን ዓይነት ሥራ ነው? አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስለዚህኛው ልጅ የነገሩኝ የቧንቧዋ ጎረቤቴ ናቸው። የእርሳቸውን ታላቅ እህት ጥርስ የሠራው እሱ ነው። በማግሥቱ ባጃጅ ይዘን ወጣን።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ወንበር ላይ ወጣቶች ተራ ይጠብቃሉ። እኔ በነጠላዬ ተሸፋፍኜ በር ላይ ቆሜያለሁ። ልጁ አየኝ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሥራውን አስቀምጦ ተነሳ፣ ወጣቶቹን አስፈቅዶ ወደ ውስጠኛዋ ክፍል አስገባኝና መጋረጃውን ሳበው። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና «እናቴ፣ እዚህ ማንም የለም፤ ነጠላዎን ይልቀቁት» አለኝ።

ይህን ሳልናገር መቅረት አልችልም። ጥርሴን ገና አላየም፣ ስንት እንደምከፍል አላወቀም። ሐፍረቴን ነው ያየው። ከእኔ ቀድሞ ሐፍረቴን ሸፈነልኝ። እንባዬ መጣ። ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ይህን የትኛው ትምህርት ቤት አስተምሮት ይሆን? እናቱ ናት ያስተማረችው ብዬ አምናለሁ። እናቱ ያለሽ እንደሆነ ተባረኪ።

ከዚያ ስብርባሪውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያዘው። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ምንም ሳልነግረው «በቀኝ በኩል ነው አይደል የሚያኝኩት?» አለኝ። አዎ፣ በቀኝ ነው! በምን አወቅህ ስለው ፈገግ ብሎ «ጥርሱ ላይ ተጽፏል» አለኝ። ማጣበቂያውን በትዕግሥት ፍቆ አነሳው። ማን እንዳበላሸው አልጠየቀኝም፣ ማንንም አላማም። «ይሠራል፣ አይጣልም» ብቻ አለኝ። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ቃል ነበር።

ድድ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ስለሚሄድ ጥርሱም ይላላል አለኝ። ስለዚህ ስብራቱን ብቻ ሳይሆን ልኩንም አስተካክለዋለሁ አለ። ቀዝቀዝ ያለ ሊጥ መሳይ ነገር አፌ ውስጥ አድርጎ ልክ ወሰደ። ሌላውን ልንገራችሁ ብልም አላውቀውም። ሥራው መሐል ላይ መብራት ጠፋ። የእኔን ነገር ያጠፋው መብራት እንደገና! ጠበቅን፣ አልመጣም። «እናቴ፣ ይሂዱ፤ በመጣ ሰዓት እሠራዋለሁ» አለኝ። እኔ ይህን የሰማሁት እንደ ማጽናኛ ነበር።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። መብራት የመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ተነስቶ ሠርቶ ጨርሶታል። ለማያውቃት ለአንዲት የአዳማ ሴት!

ስንደርስ ሰማያዊ ወረቀት ጥርሴ መሐል አድርጎ «ይንከሱ» አለኝ። ነከስኩ። ቀለሙ ያረፈበትን አይቶ ትንሽ ሞረደ። እንደገና ነከስኩ፣ እንደገና ሞረደ። ሲሰለቸው አላየሁም። የቆሰለውን ቦታ ደግሞ ለብቻው አለሳለሰው። በመጨረሻም ልጅ ልኮ ዳቦ አስገዛና ቆርሶ ሰጠኝ። «አሁን በግራም በቀኝም ያኝኩበት» አለኝ። አኘክሁበት። አልተነቃነቀም፣ አላመመኝም። ልጄ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ «እማማ ተመለሱ» አለቻት።

ሒሳቡ የመጀመሪያው ቦታ ከጠሩብን ሩቡን አይሞላም። ጨምሬ ስሰጠው እጄ ላይ መልሶ ጨበጠልኝ። «ለሕፃኗ ክርስትና ይሁን» አለ። ስሙን እንዳልጽፍም ለምኖኛል። አክብሬለታለሁ።

የነገረኝን ምክር ግን ለእናንተም አካፍላለሁ፤ ለብዙ እናቶች ይጠቅማል። ጥርሱን ስታጥቡ ከሥር ውሃ ያለው ሳፋ ወይም ፎጣ አድርጉ፣ ቢያመልጥም አይሰበርም። በፈላ ውሃ አትንኩት፣ ይጣመማል። ማታ አውልቃችሁ በንጹሕ ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ከተሰበረ ደግሞ ሱቅ በሚሸጥ ማጣበቂያ ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ሁለቱንም ስብራት ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ትንሿን ቅንጣቢ እንኳ አትጣሉ።

ክርስትናው ደመቀ። እንግዳ ተቀበልሁ፣ ጎረስኩ፣ አጎረስኩ፣ እልል አልኩ። በነጋታው የጎረቤቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወሰደችኝ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ንብ ወጥቶ እንደመለሳቸው አባቶች ይናገራሉ። ጣሪያውን የሞላው የመላእክት ፊት ነው፣ ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ታች ያያሉ። ከዚያ የፋሲል ግቢ ገባን። ግንቡን የጀመሩት አጼ ፋሲል ናቸው፣ ግቢውን ግን ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም እየጨመሩበት ነው የሞሉት። ባለቤቴ ስለነገረኝ ስለዚያ ቦታ ለአስጎብኚው ልጅ ሳወራለት ዋልሁ። ያለ ነጠላ፣ ቃሉ ሳያፈተልክ። ጥርሴን የጠገነልኝን ልጅ ደጋግሜ መረቅሁት።

ስለዚህ እደግመዋለሁ፣ እሱ ጋ ሂዱ። አንድ ቦታ «ይጣል» ስላሏችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። ወላጆቻችሁ አፋቸውን ሸፍነው ቤት እንዲቀመጡ አትፍረዱባቸው። ቦታውንና ስልኩን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፣ ይህንንም እሱ ፈቅዶልኛል። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ መብራት መኖሩን ጠይቁ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሌላ ቀን ይሻላል። ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው፤ አዛውንት ከሆኑ ክንዳቸውን ይዛችሁ አውጧቸው።