ሥዕልን በፍልስፍና መመልከት፦ የአንድ የበይነ መረብ ትምህርት ግምገማ

የዘመናችንን የሰው ምስል ሥዕሎች በፍልስፍና ለመተርጎም የተዘጋጀው ይህ የበይነ መረብ ትምህርት ከፍተኛ ደረጃውን የሚደርሰው፣ ፈላስፋው ሪቻርድ ዎልሃይም፣ ተመልካች የቀለሙን ገጽና በውስጡ የሚታየውን አካል በአንድነት ያያል ያለበትን ሐሳብ ሲያስረዳ ነው። መምህሩ የሠዓሊውን የሉሲያን ፍሮይድን ወፍራም የቀለም ድርብርብ በቅርበት እያሳዩ፣ ቀለሙ ቀለምነቱን ሳይለቅ እንዴት ሥጋ ሆኖ እንደሚታይ በትዕግሥት ይተነትናሉ፤ ይህን ክፍል ማንኛውም ሥዕል ወዳድ ደጋግሞ ቢያየው እመኛለሁ። ፈላስፋው ጂል ዴሌዝ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የተሰጠው ገለጻም ግልጽ ነው።

የሠዓሊቷ የጄኒ ሳቪል የ1992 እ.ኤ.አ. ሥዕል የሆነው «ፕሮፕድ» ግን ስለ ሴቶች ሁኔታ የጻፈችው ፈላስፋ የሲሞን ደ ቦቯር ሐሳብ ማስረጃ ብቻ ተደርጎ መቅረቡን አልቀበልም። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝመው ሸራ ከተመልካቹ አካል ጋር የሚፈጥረው ግንኙነት፣ በምስሉ ላይ ተገልብጦ የተጻፈው ጽሑፍም የሚያስነሣው ጥያቄ፣ በዝምታ ታልፈዋል፤ ፍልስፍና እዚህ ላይ ዐይንን ከመክፈት ይልቅ ቀድሞ ብይን ሰጥቷል። ስለ ፈላስፋው ሜርሎ ፖንቲ የተሰጠው ክፍል አጭር ነው። የምስሎቹ ጥራት ግን እጅግ የሚያረካ በመሆኑ፣ የብሩሹን አካሄድ ለይቶ መከታተል ይቻላል።