የባዝራ ሽል ይዞራል፣ የላም ሽል ይረዝማል

የባዝራ ሽል እግር የለውም፤ ግን አያርፍም። እንቁላሉ ከወጣ በ6ኛው ቀን ገደማ ማህፀን ይገባል። ከዚያ እስከ 16ኛው ቀን አካባቢ ከአንዱ የማህፀን ቀንድ (ማህፀኑ ከሚከፈልባቸው ሁለት ክንፎች አንዱ) ወደ ሌላው ይመላለሳል። የሚገፋው የማህፀኑ ጡንቻ መኮማተር ነው። ሽሉም ክብ ነው፣ ጠንካራ ሽፋን ስላለው በቀላሉ ይንሸራተታል። ዙረቱ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ። «አለሁ» የሚለው መልእክት በየጥጉ ካልደረሰ ማህፀኑ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ሆርሞን መሰል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እርግዝናው ያበቃል።

የላም ሽልስ? እሱ ቤት ወዳድ ነው። ብዙውን ጊዜ እንቁላሉ በወጣበት በኩል ባለው ቀንድ ይቀመጣል። ከ2ኛው ሳምንት ወዲህ ግን እንደ ክር ይረዝማል፤ ኢንተርፌሮን ታው የተባለ ፕሮቲን እየለቀቀ ያንኑ መልእክት ያደርሳል። ሁለቱም ይሠራል፤ እኔን ግን የሚገርመኝ ያ ዘዋሪው ነው።