የድሮ ኢስትኤንደርስ፣ ኮሮኔሽን ስትሪት ወይስ ብሩክሳይድ? የቱን ከየት ማየት ያዋጣል?

የቱርክ ተከታታይ በቃና ሲከታተል የኖረ ሰው የመጨረሻውን ክፍል አይቶ ያርፋል። የእንግሊዝ የሰፈር ድራማ እንዲህ አይደለም። ኮሮኔሽን ስትሪት ከዲሴምበር 9 ቀን 1960 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ጀምሮ ሳያልቅ እየሄደ ነው፤ 10,000ኛው ክፍል በፌብሩዋሪ 2020 ተላልፏል። በቀን ሁለት ክፍል ያለ ዕረፍት ቢታይ እንኳ ያን ለመጨረስ ወደ 14 ዓመት ይጠይቃል። ስለዚህ «ሁሉንም ከሥሩ ጀምሬ አያለሁ» የሚለው ሐሳብ ከመነሻው አያስኬድም። መመረጥ ያለበት ዘመን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ዘመን ሳይቆራረጥ በተርታ የሚገኝበት መንገድ። አብዛኛው ሰው ድራማውን መርጦ መንገዱን ይረሳል፣ ሁለት ወር ሳይሞላውም መሀሉ ይጎድልበታል።

ከድራማዎቹ እንጀምር። አዲስ ተመልካች ኢስትኤንደርስን ቢመርጥ ይሻለዋል። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1985 በቢቢሲ ሲጀመር በሩ ቃል በቃል በእርግጫ ነው የተከፈተው። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ዴን ከአሊና ከአርተር ጋር ሆኖ የአንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን በር ይሰብራል፤ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ሊሞት ሲያጣጥር ያገኙታል። በዚያ አንድ ትዕይንት ማን አዛዥ፣ ማን ተከታይ፣ ማን ፈሪ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልግ ታሪክ የለም። ሌላም ምክንያት አለ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሰፈሩ የስደተኛ ሰፈር ነው፦ ካፌው የቆጵሮስ ቱርኩ የአሊ ነው፣ ሱቁ የሰዒድና የናይማ፣ የካሪቢያን ቤተሰብም አለ። ለንደን ውስጥ ሱቅ የከፈተ ወይም ክፍል የተከራየ ሐበሻ ብዙውን ነገር ሳይነገረው ይረዳዋል። ዴን ለሚስቱ ለአንጂ የፍቺ ወረቀቱን የሰጣት የ1986 የገና ዕለት ሲሆን፣ ድጋሚ ስርጭቱ ተደምሮ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል።

ኮሮኔሽን ስትሪት ቀስ ይላል፤ ግን ይበልጥ ያስቃል። ድራማው የሚኖረው በጨዋታ እንጂ በጩኸት አይደለም። ሒልዳ ኦግደንን ማየት ይበቃል፦ ከሻሿ ሥር ፀጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ፣ ግድግዳዋ ላይ ሦስት የሸክላ ዳክዬ ሲበር፣ የሰው ወሬ ለመልቀም አንገቷን አስግጋ። በ1987 ገና ሰፈሩን ስትለቅ ከ26 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰናብቷታል። ችግሩ ግንዱ ሩቅ መሆኑ ነው። አይቲቪ3 የተባለው ቻናል የድሮዎቹን በኦክቶበር 2017 መልሶ ማሳየት ሲጀምር የተነሣው ከ1986 ክፍሎች ነው። ኬን፣ ሚስቱ ዲርድሪና ውሽማዋ ማይክ የገቡበት የ1983ቱ ውዝግብ ከዚያ በፊት ስለሆነ አልተካተተም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ኬንና ማይክ በተያዩ ቁጥር የሚነድደው እሳት ያው ነው። ከ1986 ክፍሎች የሚጀምር ሰው የ1983ቱን ታሪክ አንድ ገጽ ያህል አንብቦ ቢነሣ ብዙ ግራ መጋባት ይቀርለታል።

ብሩክሳይድ ከሁሉም የሚለየው አንድ ነገር ስላለው ነው፤ ያልቃል። ኖቬምበር 2 ቀን 1982 በቻናል 4 ተጀመረ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2003 ተዘጋ። ዳር ያለው ነገር ለሚወድ ሰው ሌላ አማራጭ የለም። የተቀረጸው ሊቨርፑል ውስጥ በእውነተኛ ቤቶች ስለሆነ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ድምፅ እንደ ስቱዲዮ የጠራ አይደለም። በ1993 በረንዳ ሥር የተቀበረውና በ1995 የተገኘው አስከሬን ዝናው ነው፤ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ትዕግሥት ለተመልካች የተከፈለበት ጥቂት ታሪክ አለ።

ኤመርዴል የገጠር ነው፣ በ1972 ‹ኤመርዴል ፋርም› ተብሎ የጀመረ። የከብትና የእርሻ ወሬ ካላሳበ ከዲሴምበር 30 ቀን 1993ቱ የአውሮፕላን አደጋ መነሣት ይበቃል።

ቋንቋው

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ለሚሄድ ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ይጠባል። ኢስትኤንደርስ የምሥራቅ ለንደን አነጋገር ነው፦ «ሐውስ» የሚለው «አውስ»፣ «ቲንክ» የሚለው «ፊንክ» ይሆናል። ሕጉ ግልጽ ስለሆነ ጆሮ በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። ኮሮኔሽን ስትሪት የማንችስተር አካባቢ ነው፤ ዜማው ለስለስ ያለ ቢሆንም የራሱ ቃል አለው። «ናውት» ምንም፣ «ኦውት» ማንኛውም ነገር፣ «ሰመት» ደግሞ አንድ ነገር ማለት ነው። ብሩክሳይድ የሊቨርፑል ነው፤ ፈጣን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ከሦስቱ ከባዱ። ሰብታይትል በቴሌቪዥንና በመተግበሪያ ብዙ ጊዜ አለ። በድሮ ዲቪዲ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ከመግዛት በፊት የሽፋኑን ጀርባ ማየት ነው።

እንግሊዝ አገር ላለ ሰው፦ ቻናል ወይስ መተግበሪያ?

አይቲቪ3 እና ቀድሞ ድራማ ይባል የነበረው ዩ ኤንድ ድራማ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የመጀመሪያው የኮሮኔሽን ስትሪትንና የኤመርዴልን፣ ሁለተኛው የኢስትኤንደርስን የድሮ ክፍሎች በሥራ ቀናት ሁለት ሁለት እያደረገ ሲያሳይ ቆይቷል። ስሌቱ ይታይ። በሳምንት አሥር ክፍል ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ብቻ ይተላለፍ የነበረበት ዘመን አንድ ሙሉ ዓመቱ በአሥር ሳምንት ተኩል ያልቃል። ኢስትኤንደርስ በኦገስት 2018 ከክፍል አንድ ቢነሣም በዚህ ፍጥነት 1980ዎቹን ከተሻገረ ቆይቷል፤ ሁለቱም ቻናሎች ወደ 2000ዎቹ ክፍሎች ገብተዋል። ዛሬ ቻናሉን የሚከፍት ሰው ዴንና አንጂን እጠብቃለሁ ካለ ይከፋዋል።

በመተግበሪያ በኩል ደግሞ ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ወር ያህል ቆይተው ይነሣሉ። ይህ ማለት በማንኛውም ሰዓት የሚገኙት ከአርባ ጥቂት ፈቀቅ የሚሉ ክፍሎች ናቸው። ለአምስት ሳምንት አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው መሀሉ ይጎድልበታል። መፍትሔው ሐርድ ዲስክ ያለው የፍሪቪው (በአንቴና የሚገባው ነፃ ቴሌቪዥን) መቅጃ ነው። በተራ ጥራት ግማሽ ሰዓት በግምት አንድ ጊጋባይት ይይዛል፤ 500 ጊጋ ያለው መቅጃ በሳምንት አሥር ክፍል ቢቀዳ ዓመት ሊጠጋ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ቻናሎች እንደገና ሲፈለጉ ብዙ መቅጃዎች የተያዘውን ተከታታይ ቀረጻ ዝም ብለው ይሰርዙታል። ፍለጋ በተደረገ ቁጥር ዝርዝሩን ከፍቶ ማረጋገጥ ነው።

ብሩክሳይድ በኤስቲቪ ፕሌየር ነው። ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ከክፍል አንድ ተነሥቶ በየሳምንቱ ይጨመርበታል። ጣቢያው የስኮትላንድ ቢሆንም መተግበሪያው በነፃ ተመዝግቦ በመላው ብሪታንያ ይሠራል።

ቲቪ ላይሰንስ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበል። በኤፕሪል 2025 በዓመት 174.50 ፓውንድ የነበረው ይህ ክፍያ በቀጥታ የሚተላለፍን ማንኛውንም ቻናል ለማየትም ለመቅዳትም ግዴታ ነው፤ ለቢቢሲ አይፕሌየርም እንዲሁ። በአይቲቪኤክስ (የአይቲቪ መተግበሪያ)፣ በዩ (የዩ ኤንድ ድራማ መተግበሪያ) እና በኤስቲቪ ፕሌየር ላይ ከተላለፈ በኋላ የተቀመጠውን መርጦ ለማየት ግን አያስፈልግም። ወጥመዱ እዚያው መተግበሪያ ውስጥ «ላይቭ» የሚል ቁልፍ መኖሩ ነው፤ እሱን ከነኩ ላይሰንስ ያስፈልጋል። መቅጃ የሚያዋጣውም ላይሰንስ ላለው ብቻ ነው።

የአይቲቪኤክስን ወርሃዊ ክፍያ በተመለከተ፣ ዋናው ጥቅሙ ማስታወቂያ ማስቀረቱ ነው። የሚፈለገው ዘመን ሳይኖር ክፍያው አያመጣውም። ስለዚህ ካርድ ከማስገባት በፊት የድራማውን ገጽ ከፍቶ የመጀመሪያው ክፍል ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነና ስንት ቀን እንደቀረው ማንበብ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ዲቪዲ

ከእነዚህ ድራማዎች በኮሮኔሽን ስትሪትም ሆነ በኢስትኤንደርስ ሙሉው በዲቪዲ ወጥቶ አያውቅም። የሚሸጠው የተመረጡ ክፍሎች ስብስብ ነው። የድሮ የብሪታንያ ድራማዎችን በሰፊው ያወጣ የነበረው ኔትወርክ የሚባለው አሳታሚም በ2023 ስለተዘጋ፣ የእሱ ሥራዎች በሁለተኛ እጅ ነው የሚገኙት። ዲቪዲ የሚያዋጣው ለ1960ዎቹና ለ70ዎቹ ኮሮኔሽን ስትሪት፣ ቅምሻ ለሚፈልግ ሰው ነው። ሽፋኑ ላይ «ምርጥ» ወይም «ስብስብ» የሚል ቃል ካለ በተርታ አይደለም።

ከብሪታንያ የሚመጣው ዲስክ ሪጅን 2 (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚሠራ የሚወስን ኮድ) እና ፓል (የምስል ሥርዓት) ነው። እስራኤልና የገልፍ አገሮችም ሪጅን 2 ስለሆኑ ችግር የለም። ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናት፤ ሥርዓቱ ፓል በመሆኑ ምስሉ ይስማማል፣ ኮዱ ግን ሊከለክል ይችላል። ማጫወቻው ጀርባ ላይ «0» ወይም «ኦል» የሚል ምልክት ካለ ያነባል። አሜሪካ ሁለቱም ይጋጫል፦ ሪጅን 1 እና ኤንቲኤስሲ የሚባለው የምስል ሥርዓት። እዚያ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማንበቢያ ይቀላል፤ ነገር ግን የሪጅን ቅያሬው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፣ በአምስተኛው ላይ ይቆለፋል።

ምስሉ ሲበላሽ

ሰዎቹ ሁሉ የወፈሩ ከመሰሉ ቴሌቪዥኑ ነው የለጠጣቸው። ኢስትኤንደርስ እስከ 1999፣ ኮሮኔሽን ስትሪት እስከ 2002 መግቢያ የተቀረጹት በ4 ለ 3 ምጥጥን ነው። በሪሞቱ የምስል ቅርጽን ወደ 4:3 ማድረግ፣ ግራና ቀኝ የሚቀረውን ጥቁር መቀበል ነው። «ዙም» ከተደረገ የሒልዳ ቢጉዲን ይቆረጣል። የእንቅስቃሴ ማለስለሻውንም ማጥፋት ይሻላል፤ የድሮ ቪዲዮ ጠርዝ ላይ ጥላ ያበዛል።

ኮሮኔሽን ስትሪት በ1969 መጨረሻ ባለቀለም ከሆነ በኋላ ከኖቬምበር 1970 እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ድረስ ወደ ጥቁርና ነጭ ይመለሳል። ቴክኒሺያኖቹ በክፍያ ጉዳይ በቀለም መሣሪያ አንሠራም ስላሉ ነው፤ ዲስኩን ለመመለስ መሮጥ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ላለ ተመልካች ከላይ የተባሉት የብሪታንያ መተግበሪያዎች አይከፈቱም፤ በቪፒኤን መሞከር ውላቸውን ይጥሳል፣ መሀል ላይም ይቋረጣል። የሚቀረው በሻንጣ የሚመጣ ዲስክ ወይም የኢስትኤንደርስና የኮሮኔሽን ስትሪት ኦፊሴላዊ የዩቲዩብ ገጾች ናቸው። ዩቲዩቡ ላይ የሚበዛው ቁንጽል ትዕይንት ነው፤ አነጋገሩ ለጆሮ ይስማማ እንደሆነ ለመፈተሽ ግን አሥር ደቂቃ በቂ ነው፣ ዲስክ አምጡልኝ ብሎ ሰው ከማስቸገር በፊት።