ፎርጅድ አይረን ወይስ ውስጡ ክፍት? ከፎርጅድ የተረፈ ሰው ምክር

ጎልፍ የሚጫወቱ ጓደኞቼ ሃንዲካፓቸው (የችሎታ መለኪያቸው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ከ10 በታች በወረደ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «አይረኖቼን ልቀይር ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ስለ አይረን፣ ማለትም ጭንቅላቱ ብረት ስለሆነው የጎልፍ ዱላ፣ መመለስ ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

በእኛ አፍ ፎርጅድ ማለት የውሸት ነው። በጎልፍ ግን ሙገሳ ነው፤ ለስላሳ የካርቦን ብረት ግሎና ተቀጥቅጦ ቅርጽ የያዘ ማለት ነው። እኔ በሁለተኛው ትርጉም ከፍዬ የመጀመሪያውን ተቀበልኩ።

ከ4 ቁጥር እስከ ፒቺንግ ዌጅ (ከ9 ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የአጭር ርቀት ዱላ) 7 ዱላ፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ፣ ዋጋው የአዲሱ ሲሶ። አዲስ ዕቃ በሲሶ ዋጋ! ያኔ ነበር መሸሽ። 8ቱና 9ኙ ኳሱን አንድ ቦታ ሲጥሉብኝ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ስዊንጌን (አመታቴን) ሳስተካክል ከረምኩ። በመጨረሻ ጠጋኝ ጋ ወስጄ ሲለካቸው በሁለቱ መካከል የነበረው የሎፍት (የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፤ ባነሰ ቁጥር ኳሱ ይርቃል) ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ ሆነ። መሆን የነበረበት 4 ገደማ ነው። አንዱን ላጥፍልህ ብሎ ማሽኑ ላይ አስሮ ትንሽ ሲገፋው አንገቱ ላይ ቀጭ አለ። ስብራቱ ሻካራ፣ ጥራጥሬ የበዛበት ነበር። ለስላሳ ብረት ይታጠፋል እንጂ እንዲህ አይሰበርም።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ሚዛን ሳልይዝ አልገዛም። አይረን በግማሽ ኢንች ባጠረ ቁጥር ጭንቅላቱ 7 ግራም ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ4 ወደ ዌጅ ስትሄዱ ሙሉ ዱላውም ደረጃ በደረጃ እየከበደ መሄድ አለበት። የእኔ 6 ከ5ቱ ይቀል ነበር። ሻጩ «አትመዝን» ካላችሁ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። በዚህ ደረጃ ያለ ተጫዋች የሚዋልለው በሁለት ዓይነት መካከል ነው። አንዱ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጦ ጀርባው በትንሹ የተቦረቦረው ነው፤ ለምሳሌ የሚዙኖ ጄፒኤክስ 919 ቱር። ሌላው ፊቱ ስስ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቴይለርሜድ ፒ790፣ ሆዱ ውስጥ ፎም ያለበት። እኔ የመጀመሪያው ወገን ነኝ፤ አልደብቅም።

ክፍቱን የሚወዱ ሰዎች መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ርቀት ነው። «በ7 አይረን እዚያ ደረስኩ!» ይላሉ። የፒ790 7 ቁጥር ሎፍቱ 30.5 ዲግሪ ነው። የሚዙኖው 7 ቁጥር 34፣ 6 ቁጥሩ ደግሞ 30 ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ሸፍናችሁ አስቡት። ከርቀቱ ገሚሱን የገዛችሁት ከታች የተቀረጸውን ቁጥር ነው።

እርግጥ ነው፣ ከመሃል ስትስቱ ክፍቱ ይምራል። እሱን አልክድም። ግን ሃንዲካፑ 6 ለሆነ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። በክፍቱ ከሣር ውስጥ ስመታ ኳሱ አንዳንዴ ሳላስበው 10 ያርድ ያህል ጨምሮ ግሪኑን (ጉድጓዱ ያለበትን መስክ) አልፎ ይሄድብኛል። እኔ አይረን የምገዛው ሩቅ እንዲሄድልኝ አይደለም፤ ሁሌም እኩል እንዲሄድልኝ ነው።

ዋጋ ላይ ስንመጣ ደግሞ የስብስቡን ዋጋ አትዩ፤ በዱላ ብዛት አካፍሉት። ክፍት ከሆኑት አንዳንዶቹ ፒቺንግ ዌጃቸው 43 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀጣዩ ዌጃችሁ 52 ከሆነ በመሃል 9 ዲግሪ ባዶ ቀረ። ስለዚህ 48 ገደማ የሆነ ሌላ ዌጅ ትገዛላችሁ። «ርካሹ» ስብስብ በአንድ ዱላ ተወደደ። በ46 የሚያልቀው ይህ ጣጣ የለበትም።

ጥገናም አለ። ለስላሳው ፎርጅድ በየዓመቱ ሎፍቱ ተለክቶ ቢዛነፍ ይታጠፋል፤ ክፍያው ትንሽ ነው። የእኔ ጠጋኝ ክፍቱን ሲያመጡለት ፊቱ ይጠቁራል። ለስላሳው ቶሎ ይጫራል፣ ክሮሙም ይበላል፤ እኔ ጭረት አይቆጨኝም።

የእኔ ምክር፣ እውነተኛ ፎርጅድ ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ያለፈበትን ያገለገለ ግዙ። ሞዴል በተቀየረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል፣ ብረቱ ግን ያው ብረት ነው። አሜሪካዊው ጎልፈኛ ብሩክስ ኬፕካ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 ዩኤስ ኦፕንን ያሸነፈው በጄፒኤክስ 900 ቱር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሚዙኖ ጋር ውል አልነበረውም። ያ ሞዴል ዛሬ አሮጌ ስለሆነ ማንም አይሻማበትም።

በጣም ወደ ኋላም አትሂዱ። የግሩቭ (በዱላው ፊት ላይ የተቀረጹት መስመሮች) ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀይሯል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት በከፍተኛ የአማተር ውድድር ሊያስከለክሉ ይችላሉ። ሻፍቱንም (ዘንጉንም) እዩ። እኔ ዳይናሚክ ጎልድ ኤስ300 በሚባለው ሻፍት ነው የምመታው፤ ያ ያልገባበትን ስብስብ ቢረክስም አልነካም። የ7 ዱላ ሻፍት ማስቀየር ያገለገለውን ስብስብ ዋጋ ሊያህል ይችላል። ግሪፕ (የእጅ መያዣው) ግን ያለቀ ይሁን፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል።

4 ቁጥሩ ብቻ ካስቸገራችሁ እሱን ብቻ ከክፍቱ ዓይነት በነጠላ ግዙ። የእኔ ቦርሳ ውስጥም አንድ አለ፤ ጓደኞቼ ሲያዩት እየሳቁብኝ ነው።