ቪአርቻት፦ መልክ ይቀየራል፣ ድምፅ ግን ያው ነው

ቪአርቻትን በቲክቶክ ክሊፕ ብቻ ያየ ሰው የሚያውቀው ግርግሩን ነው። አንዱ ግዙፍ ሙዝ ሆኖ ይደንሳል፣ ሌላው እየጮኸ ሰው ያባርራል፣ ክሊፑ ያልቃል። ውስጡ ሲገባ ግን ጌም ለማለት ራሱ ይከብዳል። ነጥብ የለው፣ የሚታለፍ ደረጃ የለው፣ ማሸነፍ የሚባል ነገር የለው። ትገባላችሁ፣ መልክ ትመርጣላችሁ፣ ከሰው ጋር ታወራላችሁ። በቃ። እኔም የወደድኩት ለዚሁ ነው። እንድትሞክሩት እፈልጋለሁ፣ ግን የት እንደምትገቡ አውቃችሁ።

መጀመሪያ ለጀማሪ የሚያስፈልገውን ልጨርስ። ነፃ ነው። ግራሃም ጌይለርና ጄሲ ጁድሬይ የሠሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ ወጣ። ስሙ ቪአር (ቨርቹዋል ሪያሊቲ) ስለሚል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚታሰረው የቪአር መነጽር ከሌለ አይሠራም ብሎ ይተወዋል፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ በኪቦርድና በማውስ ይሠራል። እኔም የምገባው በላፕቶፕ ነው። መነጽር ያለው ሰው እጁን ያወዛውዛል፣ አንገቱን ያዘነብላል፤ እናንተ ትንሽ ግትር ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ማንም ግድ አይሰጠውም። ክዌስት 3ኤስ የሚባለው መነጽር በ2024 ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፣ ለሙከራ ብሎ ያን ያህል ማውጣት አያስፈልግም። ራማችሁ ከ8 ጂቢ በታች ከሆነ ግን አትድከሙ። ፓኬጅም ይበላል፤ ያገኛችሁት ሰው ሁሉ አቫታሩ፣ ማለትም የለበሰው መልክ፣ ወደ እናንተ ማሽን ይወርዳል። ሴቲንግ ውስጥ የሚወርደውን መጠን መገደብ ይቻላል፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አሁን ወደ ዋናው። ሰው የሚገናኝባቸው ቦታዎች ወርልድ ይባላሉ፤ ብዙ ወርልድ ውስጥ ግድግዳውን ሙሉ የያዘ ትልቅ መስታወት አለ። ሰው እሱ ፊት ተሰብስቦ ለሰዓታት ያወራል። ከውጭ ለሚያየው ግራ ይገባል፣ ለምን ፊት ለፊት አይተያዩም? ራሳችሁ ስትሞክሩት ይገባችኋል። ራሳችሁን ካላያችሁ የለበሳችሁትን መልክ ትረሱታላችሁ። መስታወቱ ፊት ስታወሩ የአቫታሩ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የሚከተለው ድምፁን ስለሆነ በአማርኛም ይሠራል። አንድ ቀይ ቀበሮ «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ማየት መጀመሪያ ያስደነግጣል። ትንሽ ቆይቶ ቀበሮው እናንተ ትሆናላችሁ።

መልኮቹን የሚሠሩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ዩኒቲ በሚባለው ሶፍትዌር አዘጋጅተው ይጭናሉ። ስለዚህ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሥዕል ሶፍትዌር የሚችል የሀገር ልጅ ጥበብ የለበሰ አቫታር ሠርቶ መጫን ከፈለገ የሚከለክለው የለም። አካውንቱ ቪዚተር ከሚባለው የመጀመሪያ ማዕረግ ወጥቶ ኒው ዩዘር መሆን ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

መልክ እንግዲህ እንደ ሸሚዝ ይቀየራል። ድምፅ ግን የራሳችሁ ነው። ማይክ ስትከፍቱ ሴት ትሁኑ ወንድ፣ ልጅ ትሁኑ አዋቂ፣ ከየት አካባቢ እንደሆናችሁም ጭምር ሰው ይገምታል። ስለ ኦንላይን ማንነት ሲወራ ሁሉም አቫታሩን ነው የሚያነሳው፤ እኔ ግን ፈተናው ያለው ድምፅ ላይ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ቤት የሚያሰድበውም ወዳጅ የሚያፈራውም እሱ ነው።

ይህን በደንብ ያሳየን «ኡጋንዳን ናክልስ» ነው። ታስታውሱት ይሆናል። ናክልስ የሴጋ ሶኒክ ጌም ላይ ያለ ቀይ ገጸ-ባሕሪ ነው። በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ አጭርና ወፍራም ተደርጎ የተሠራውን አቫታሩን የለበሱ ሰዎች በመንጋ ቪአርቻት ገቡ። ሰው ይከብባሉ፣ ምላሳቸውን ያጮኻሉ፣ በተኮረጀ የኡጋንዳ አክሰንት «መንገዱን ታውቃለህ ወይ?» ይላሉ፣ የሴት ድምፅ ከሰሙ «ንግሥታችን» እያሉ ይከተላሉ። አነጋገሩ የተወሰደው ዋካሊዉድ የሚባሉት ሠሪዎች ካምፓላ ውስጥ፣ ዋካሊጋ ሰፈር፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ ሠርተው በ2010 ካወጡት የአክሽን ፊልም ነው። ፎርሰን የሚባለው ስትሪመር ተከታዮች አስፋፉት፣ ዩቲዩብ በክሊፕ ተጥለቀለቀ፣ የቪአርቻት ተጠቃሚም በአንዴ አሻቀበ። አቫታሩን የሠራው ሰው ራሱ ሌላውን ለማስጨነቅ መዋሉ ቅር እንዳሰኘው ገልጿል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የተሳቀው በአክሰንቱ ነው። እሱን ካወጣችሁት ቀልዱ ውስጥ ምንም አይቀርም። የሚጮኹት ልጆች አነጋገሩን ለአንድ ሰዓት ለብሰውት ያወልቁታል፤ አፍሪካዊው ተጫዋች ግን ማይኩን ሲከፍት የገዛ ድምፁ ቀልድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ደግሞ «ይሄ የኡጋንዳ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል ካለ ተሳስቷል። እንግሊዝኛችንን የሚሰማ አንድ አሜሪካዊ ታዳጊ የካምፓላን አነጋገር ከአዲስ አበባ የሚለይበት ጆሮ ከየት ያመጣል? በቪዲዮ የሳቅንበት ነገር እኛ ላይ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ያንን ክሊፕ ዛሬም ሼር የሚያደርግ የሀገሬ ልጅ ሳይ ያናድደኛል።

ኩባንያው በዚያው በ2018 ያመጣው የደኅንነት ሥርዓት ግን በጣም ጥሩ ሥራ ነው። አዲስ የገባ ሰው ስሙ በግራጫ ይታያል። እየቆየ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ይሆናል። የየትኛው ማዕረግ ድምፅ ይሰማኝ፣ የየትኛው አቫታር ይታየኝ የሚለውን እናንተ ትወስናላችሁ። ያስቸገራችሁን ሰው ብሎክ ስታደርጉት ከዓይናችሁም ከጆሯችሁም ይጠፋል።

ቫይራል የሚሆነው ሁሉ ክፉ ነው ማለቴም አይደለም። ሲርሞር የሚባለውን ዩቲዩበር ፈልጋችሁ እዩ። ቪአርቻት ውስጥ ያገኛቸውን ሰዎች ቁጭ ብሎ ያናግራል። የካርቱን መልክ የለበሰ ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሞተበት ዘመዱ ያወራለታል። ፊቱን ቢያሳይ ኖሮ ያን ያህል ይናገር ነበር ብዬ አላምንም። መልኩ ይሸፍነዋል፣ ድምፁ እውነቱን ይናገራል። ለኔ የቪአርቻት ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ድምፅ የማያወጡም አሉ። ማይካቸውን ዘግተው የሚውሉ፣ በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ፣ አየር ላይ በብዕር የሚጽፉ። አንዴ ነጭ ድመት የሆነ ሰው አጠገቤ መጥቶ መጻፍ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ስለቆምኩ ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ፣ ማንበብ አቃተኝ። እሱ ገብቶታል፣ በእጁ ወደ ጎኑ ጠራኝ። ዞሬ ትከሻው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት፤ ከየት ነህ ነበር የሚለው። እኔም በቻት መስኮቱ ጽፌ መለስኩለት፣ እንዲህ እየተባባልን ረጅም ሰዓት ቆየን። ዕድሜውንም ሀገሩንም አላውቅም፣ ደግ ሰው እንደሆነ ግን አወቅኩ።

በብዛት የምገባው ከአክስቴ ልጅ ጋር ነው። እሱ ቨርጂኒያ ነው፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ልዩነት አለን፣ እሱ ከሥራ ሲገባ እኔ ልተኛ ነው። ሮቦት ይሆናል፣ እኔ ቀበሮዬን እለብሳለሁ፣ ጣሪያ ላይ ያለች ዝናብ የሚዘንብባት ወርልድ መርጠን በአማርኛ እናወራለን። ስልክ ላይ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን አምስት ደቂቃ የማይሞላ ወሬ እዚህ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። አንድ ቦታ አብሮ መቀመጥ የሚመስል ነገር ስላለው ዝም ብንባባልም አይከብድም።

ጉድለቱስ? አለ። በጁላይ 2022 ኢዚ አንቲ-ቺት የሚባለውን የማጭበርበር መከላከያ ሲያስገቡ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ሠርተው የሚጨምሯቸውን ማሻሻያዎች (ሞድ) በሙሉ ዘጉ፤ ከነዚያ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚገለገሉባቸው ነበሩበት። ስቲም ላይ የተቃውሞ ግምገማ ዘነበባቸው፣ ትክክልም ነበር። መጀመሪያ አማራጩን ሠርቶ ከዚያ መዝጋት ነበረባቸው። ሌላው፣ ከባድ አቫታር የለበሱ ሰዎች በበዙበት ቤት ላፕቶፕ ይንተባተባል። ቪአርቻት ፕላስ የሚባለው ክፍያ በወር ወደ 10 ዶላር ነው፤ የምትወዱትን አቫታር የምታስቀምጡበት ቦታ ይጨምራል፣ ፕሮፋይል ያሳምራል፤ ያለሱ መኖር ይቻላል።

ለልጅ የምትከፍቱ ወላጆች፣ ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም። ከዚያ በላይ ለሆነም ቢሆን ማንም በሚገባበት ፐብሊክ ሩም ውስጥ ብቻውን አትተዉት። ለራሳችሁ ስትጀምሩ ደግሞ ኢንቫይት ወይም ፍሬንድስ የሚለውን ሩም ክፈቱና ከምታውቁት ሰው ጋር ግቡ። ፐብሊኩ የትም አይሄድም። ስትገቡበት ግን በራሳችሁ አነጋገር አውሩ፣ አሜሪካዊ ለመምሰል አትጨነቁ። የሚስቀውን ብሎክ አድርጉት።