ፓክት/አር፦ አደጋ የደረሰባቸው ልጆች ዳታ በአንድ ቋት

ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስንከራከርበት የከረምነው አንድ የዳታ ቋት አለ። ፓክት/አር (PACT/R) ይባላል፤ ስሙ ድንገተኛ አደጋ የደረሰባቸው ልጆችንና ማገገማቸውን ከሚከታተሉ ጥናቶች የእንግሊዝኛ ስያሜ የተወሰደ ምህጻረ ቃል ነው። መቀመጫው ፊላደልፊያ ያለው የሕፃናት ሆስፒታል ነው። መኪና የገጨው፣ የተደበደበ፣ ወይም ከመቅሰፍት የተረፈ ልጅ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆነ የተለያዩ ተመራማሪዎች እየተከታተሉ የመዘገቡትን ጥሬ ዳታ አንድ ላይ ያከማቻል። ከልጆች ጋር የምትሠሩ ሳይኮሎጂስቶችና ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንዳስፈለገ። አደጋ የደረሰበትን ልጅ መከታተል አድካሚ ሥራ ነው። ልጁን ድንገተኛ ክፍል ታገኙታላችሁ፣ እናት እያለቀሰች ፈቃድ ትጠይቃላችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ስትደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ወደ ቋቱ መጀመሪያ ከገቡት ጥናቶች ትንሹ 50 ልጅ ብቻ ነው ያለው፤ ትልቁ 568። በ50 ልጅ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ጾታ፣ ስለ አደጋው ዓይነት ለይታችሁ ምንም ማለት አትችሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ቋቱ በወጣው ጽሑፍ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ 30 ጥናቶች ሲደመሩ 5499 ልጆች ሆነዋል። ከ5 አገሮች፣ ከ15 የምርምር ቡድኖች የመጡ ናቸው። ይሄ ሌላ ነገር ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። የተለያዩ ጥናቶችን መለኪያ ማቀራረቡ ነው። ቅዠትን ብቻ እንውሰድ። አንዱ መጠይቅ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ጊዜ አስቸገረህ ይልና ከ0 እስከ 3 ያስመልሳል። ሌላው ያለፈውን ወር ይጠይቅና ከ0 እስከ 4 ያስመልሳል። አንዱ ልጅ 2 አለ፣ ሌላውም 2 አለ። እኩል ናቸው? አይደሉም። እንዲህ ያሉ 22 መለኪያዎችን አንድ በአንድ አይተው፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚገጥም ወስነው፣ በጋራ ሊነበቡ የሚችሉ አድርገዋቸዋል። ማንም የማያጨበጭብለት አሰልቺ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ ግን ቋቱ የፋይል ክምር ብቻ ይሆን ነበር።

ለሕክምናው ምን ይፈይዳል? አንድ ምሳሌ። ከአደጋው አንድ ወርና ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ጉልህ የትራውማ (አደጋው በአእምሮ ላይ የተወው ጉዳት) ምልክት አለብኝ ያሉት 24 በመቶ ናቸው። ከአራቱ አንዱ በሉት። እዚህ ግን ልምዳችን ሁለት ጫፍ ነው። ወይ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» እንላለን፣ ወይ ድርጅት መጥቶ ሁሉንም ልጅ ድንኳን ውስጥ ሰብስቦ የሆነውን ንገሩን ይላቸዋል። ቁጥሩ ሁለቱንም አይደግፍም። ብዙው ልጅ ሙሉ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል፣ አንዱን ግን ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ያሉንን ጥቂት ባለሙያዎች ለማን እንመድብ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ እንዲህ ያለ ትልቅ ዳታ ካልሆነ ማን ይመልሳል?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ልጆቹ የእኛን ልጆች አይመስሉም። 46 በመቶው የአካል ጉዳት የደረሰባቸው፣ 10 በመቶው የመኪና አደጋ፣ ጥቃት የደረሰባቸው 13 በመቶ ብቻ። ቋቱ ከስሙ ጀምሮ ድንገት ለሚደርስ አደጋ የተሠራ ስለሆነ በዚህ አልከሰውም። ግን ከጦርነት ሸሽቶ መጠለያ የገባ፣ እዚያም ረሃብና ዱላ የጠበቀው ልጅ «አደጋው መቼ ደረሰ» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው አንድ ቀን የለውም። በዚያ ላይ 97 በመቶው ለትምህርት የደረሱና ከዚያ በላይ ያሉ ናቸው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ይዞብኝ ለሚመጣ ወላጅ ከዚህ ብዙ አላገኝም።

«እንግዲያው የራሳችንን እንሥራ» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ። ስለማውቀው አንድ ተቋም ላውራ፣ ስሙ ይቅር። ስለ ተፈናቃይ ልጆች የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎች በጥራዝ መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ ሽፋናቸው ያምራል። ዳታው የታለ ስትሉ ተማሪው ተመርቆ ሄዷል፣ ፍላሹም አብሮት ሄዷል። ቀጣዩ ተማሪ እንደገና ይነሣና እነዚያኑ ልጆች እነዚያኑ የሚያሙ ጥያቄዎች ይጠይቃቸዋል። ይሄ ያናድደኛል።

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ ያንግ ላይቭስ አለ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ 3000 የኢትዮጵያ ልጆችን በ20 ቦታዎች ሲከታተል ኖሯል። ስምና ቀበሌ ተሸፍኖ፣ ዳታው በእንግሊዝ የዳታ አገልግሎት በኩል ለተመራማሪ ክፍት ነው። ጥናቱ ስለ ድህነት እንጂ ስለ ትራውማ ሕክምና አይደለም፤ ቢሆንም የወላጅ ሞትና ድርቅ ሁሉ ተመዝግቦበታል።

ስም መሸፈን ብቻውን ግን አይበቃም። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ፣ ይህ ወር፣ ይህች ትንሽ ከተማ፣ መደፈር። ስም የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ግን ያውቃታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃን እንደ ተራ ዳታ ለውጭ ተባባሪ በኢሜይል መላክ ቀርቷል፣ ቢያንስ መቅረት አለበት። በፈቃድ ቅጹ ላይ «ማንነቴ ተሸፍኖ ለሌላ ጥናት ይዋል» የሚል ለብቻው የሚፈረም መስመር ከመጀመሪያው ካልገባ፣ ኋላ ወላጁን ከየት ታመጡታላችሁ?

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለማቀራረቡ ሥራ 5 ከ5፣ ለእኛ አገር ሁኔታ ላለው ቅርበት 2። ስለ ቋቱ የወጣውን ጽሑፍ ማንም በነፃ ማንበብ ይችላል፣ ከሠንጠረዦቹ ጀምሩ። የቋቱ ዳታ ግን እንደ መዝሙር የሚወርድ አይደለም፣ ምን ልትሠሩበት እንዳሰባችሁ አስረድታችሁ ነው የምትጠይቁት። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አጥሩ፦ የትኛው ዕድሜ፣ የትኛው አደጋ፣ ከስንት ወር በኋላ። «ስለ ትራውማ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ከሄዳችሁ እኔም ብሆን አልሰጣችሁም።